ኤሮ ቦክ እውነት ግራንድማስተር ነበር? በአሌክሂን ስለተሸነፈው ፊንላንዳዊ

ጀማሪዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ቼዝ በጥቁር ስጫወት የንግሥት ጋምቢት የሚባለውን አከፋፈት መቀበል ጀምሬአለሁ። ነጩ ሲ4 በተባለው ቤት ላይ ወታደር ሲያቀርብልኝ እበላለሁ፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ደግሞ ከድሮ ጨዋታዎች እየተማርኩ ነው። በማጠናው ስብስብ ውስጥ አንድ ጨዋታ አላስተኛ ብሎኛል። እ.ኤ.አ. በ1938 በእንግሊዝ አገር በማርጌት ከተማ የተካሄደ ነው፤ ነጩ የዚያን ጊዜው የዓለም ሻምፒዮን አሌክሂን፣ ጥቁሩ ኤሮ ቦክ የሚባል ፊንላንዳዊ። በ25 እርምጃ አለቀ።

ማብራሪያው ስለ አሌክሂን ብልኀት ብዙ ይላል፤ ስለ ቦክ ግን ከስሙ ሌላ ምንም የለም። ሰውየው ማን ነበር? ደካማ ተጫዋች ስለሆነ ነው እንዲህ የተረታው? አንድ ቦታ ግራንድማስተር፣ ማለትም የቼዝ ከፍተኛው ማዕረግ ያለው፣ ተብሎ ተጽፎ አየሁ፤ ሌላ ቦታ ደግሞ የፊንላንድ የመጀመሪያው ግራንድማስተር ሄይኪ ቬስተሪነን ነው ይላል። ሁለቱ እንዴት ይታረቃሉ? ሌላም አለ፦ 13ኛው እርምጃ ላይ ነጩ ሲ3 ያለውን ፈረሱን ለወታደር ጥሎ ሩኩን (ግንቡን) ወደ ዲ1 ያመጣበት ምክንያት ፈጽሞ አልገባኝም። የሚያስረዳኝ ካለ አመሰግናለሁ።

የሰሜን ክረምት፦

ሰላም ጀማሪዋ። ኑሮዬ ሄልሲንኪ ስለሆነ ስለ ማዕረጉ የማውቀውን ልበል፤ ጨዋታውን ለሚችሉት እተዋለሁ።

ሁለቱም ያነበብሻቸው ነገሮች ትክክል ናቸው። ቦክ የግራንድማስተር ማዕረግ ያገኘው በ1984 ነው፤ ነገር ግን የክብር ማዕረግ ነው። የዓለም የቼዝ ፌዴሬሽን ቀድሞ ታላቅ ለነበሩ፣ በጊዜያቸው ግን ማዕረጉን ላላገኙ ሰዎች የሚሰጠው ነበር። ቬስተሪነን ግን በ1975 በውድድር ነጥብ አሟልቶ ነው ግራንድማስተር የሆነው። ስለዚህ እዚህ አገር «የመጀመሪያው ግራንድማስተራችን» ሲባል የሚነሣው ቬስተሪነን ነው። ቦክ በ1910 ተወልዶ በ1990 መጀመሪያ ላይ አረፈ፤ የክብር ማዕረጉን ሲቀበል የ74 ዓመት ሽማግሌ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። ቦክ በጦርነቱ ዘመን የፊንላንድ ፕሬዚዳንት የነበሩት የሪስቶ ሩቲ የእኅት ወይም የወንድም ልጅ ነው፤ ሩቲ አጎቱ ናቸው። ቼዝ የማይወዱ ሰዎች እንኳ ስሙን ሲሰሙ የሚያነሡት ይህንን ነው።

አሮጌ ሰዓት፦

ልጄ ጀማሪዋ፣ ጥሩ ጨዋታ ይዘሽ መጣሽ። የሰሜን ክረምት ስለ ማዕረጉ ያለው ልክ ነው፤ እኔም የምለው አለኝ፤ ግን ይቆይ። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንደሚባለው ከሰሌዳው እንጀምር። ቼዝ የማስተምራቸው ልጆች ይህን ጨዋታ ሳላሳያቸው አይወጡም፤ የማሳያቸው ግን ከጥቁሩ ወገን ተቀምጬ ነው። ከነጩ ወገን ያየሽው እንደሆነ ርችት ነው የሚሆንብሽ፤ ታጨበጭቢያለሽ እንጂ አትማሪበትም።

ሰሌዳ አውጪና አብረን እንሂድ። እስከ 8ኛው እርምጃ ያለው የታወቀ መንገድ ነው። ነጩ ካስል አድርጓል፣ ማለትም ንጉሡን ከሩኩ ጋር አሻግሮ ዳር ላይ ደብቋል፤ ንግሥቱ ኢ2 ላይ፣ አንዱ ፈረሱ ኤፍ3 ላይ፣ ሌላው ሲ3 ላይ ናቸው። ጥቁሩ ፈረሶቹን ሲ6 እና ኤፍ6 ላይ አውጥቷል፤ ኤ6 ብሏል፤ ቢ5 ገፍቶም የነጩን ቢሾፕ (በሰያፍ የሚሄደውን ጠጠር) ከሲ4 ወደ ቢ3 አባርሯል። ንጉሡ ግን ገና ኢ8 ላይ ነው፤ የኤፍ8 ቢሾፕና የኤች8 ሩክ ከቤታቸው አልወጡም። ይህንን ልብ በይ፤ መዘዙ ሁሉ ከዚህ ነው የሚመጣው።

አሁን 9ኛው እርምጃ። ቦክ ቢሾፑን ቢ7 ላይ አስቀምጦ በሰላም መጫወት ይችል ነበር። እሱ ግን ወታደሩን ቢ4 ላይ ገፍቶ የሲ3ን ፈረስ አጠቃ። አየሽ ጠባዩን? በዚያን ጊዜ አሌክሂን ማለት በ1937 ዘውዱን ከኧቬ እጅ መልሶ የወሰደ የዓለም ሻምፒዮን ነው። አብዛኛው ሰው ከእንዲህ ያለ ሰው ፊት ሲቀመጥ ግንብ ሠርቶ ይደበቃል። ቦክ ግን መጀመሪያ የመታው እሱ ነው። ደካማ ነበር ወይ ብለሽ ለጠየቅሽው የመጀመሪያው መልስ እዚህ ላይ አለ፤ የፈራ ተጫዋች ቢ4 አይገፋም።

አሌክሂን ፈረሱን አላሸሸም፤ ዲ5 ገፋ። የጥቁሩም ፈረስ ሲ6 ላይ ተጠቃ። ቦክ ፈረሱን ኤ5 ላይ አሻገረው፤ ቢ3 ያለውን ቢሾፕ ለማስፈራራት ነው። ይህን ፈረስ አስታውሺው፤ ጨዋታው እስኪያልቅ ከኤ5 አልተነሣም። ነጩ ቢሾፑን ኤ4 ላይ አድርጎ ቼክ አለ፣ ንጉሡን አጠቃ ማለት ነው፤ ጥቁሩ በቢሾፑ ዲ7 ላይ ጋረደ። ነጩ ኢ6ን በላ፤ ጥቁሩ በኤፍ ወታደሩ መልሶ በላ። የንጉሡ አጥር ተከፈተ ማለት ነው።

አንቺን ያስቸገረሽ ቦታ ደረስን። 13ኛው ላይ ፈረሱ አሁንም ተጠቅቷል። አሌክሂን ቢያሸሸው ቦክ ቢሾፕ በቢሾፕ ይለዋወጥና ይተነፍሳል፤ የኤፍ8ን ቢሾፕ ያወጣል፤ ካስል ያደርጋል፤ ከዚያ በኋላ ጨዋታው ተራ ጨዋታ ነው። ስለዚህ ነጩ የሚያስበው ፈረሱን ሳይሆን ያችን አንዲት እርምጃ ነው። ሩኩን ዲ1 ላይ አመጣው፤ የተከፈተውን የዲ መስመር ያዘ፤ ዲ7 ላይ ያለው ቢሾፕ ከፊት በሩክ፣ ከጎን በኤ4 ቢሾፕ ተወጠረ። «ፈረሱን ብላ፤ አንተ ስትበላ እኔ እመጣለሁ» ነው ነገሩ።

ቦክ በላ። አሌክሂን ወዲያው በሩኩ የዲ7ን ቢሾፕ በላ፤ ጥቁሩም በፈረሱ ሩኩን በላ። በንግሥቱ ቢበላው ኖሮ የኤ4 ቢሾፕ ንግሥቱን ይወስድበት ነበር። ቁጠሪው፤ ነጩ አንድ ፈረስና አንድ ሩክ ሰጥቶ የተቀበለው አንድ ቢሾፕ ነው። በምትኩ ያገኘው ምንድን ነው? ዲ7 ላይ ያለው የጥቁር ፈረስ በኤ4 ቢሾፕ ታስሯል፤ ቢነቃነቅ ንጉሡ ይጋለጣል። ነጩ ሁለተኛውን ፈረሱን ኢ5 ላይ ተከለው፤ የታሰረውን ፈረስ ደግሞ መታው፤ ንግሥቱም ኤች5 ላይ ወጥታ ቼክ ልትል ተዘጋጀች። ቦክ ሩኩን ኤ7 ላይ አድርጎ ዲ7ን ደገፈ።

16ኛው እርምጃ ላይ ልጆቹን ሁልጊዜ አስቆማቸዋለሁ። «እናንተ ብትሆኑ ምን ትጫወታላችሁ?» ስላቸው ሁሉም ንግሥቲቱን ይዘው ቼክ ይላሉ። አሌክሂን ምን አደረገ? ቁጭ ብሎ በቢ2 ወታደሩ ሲ3 ያለችውን ወታደር በላ። አንድ ሩክ ያህል ጎድሎበት ሳለ አንዲት ወታደር! ያች ወታደር ግን ቢ2ን በልታ የኤ1ን ሩክና የሲ1ን ቢሾፕ ልትረብሽ የደረሰች ናት። መጀመሪያ ቤቱን አጸዳ። ጥቁሩ የሚያመልጥበት ቦታ እንደሌለ ስላወቀ አልቸኮለም። ከዚህ ጨዋታ ሁሉ አንድ እርምጃ ምረጥ ብባል የምመርጠው የሩኩን መሥዋዕት አይደለም፤ ይህንን ነው።

ቦክ ንጉሡን ወደ ኢ7 አወጣው። ከቢሾፑ እስራት ወጣ፤ ከኤች5 ቼክም አመለጠ፤ ግን የራሱን የኤፍ8 ቢሾፕ መውጫ በንጉሡ ዘጋ። የኤች8 ሩክም ከኋላው ታፈነ። ነጩ ኢ4 ሲገፋ የሲ1 ቢሾፕ መንገዱ ተከፈተለት። ጥቁሩ ፈረሱን ኤፍ6 ላይ መለሰ፤ ቢሾፑ ጂ5 ላይ መጥቶ አሰረው። ንግሥቱ ሲ7 ላይ ብትወጣ ቢሾፑ ኤፍ4 ላይ ሄደ፤ ፈረሱ ከኢ5 ወደ ጂ6 ዘሎ ቼክ ቢል ከኋላው ያለው ቢሾፕ ንግሥቱን ያገኛታል። ንግሥቱ ወደ ቢ6 ሸሸች። 20ኛው ላይ አሌክሂን የቀረውን ሩኩን ዲ1 ላይ አመጣው። አሁን ከነጩ ጠጠር ሥራ የፈታ የለም፤ ከጥቁሩ ግን የኤች8 ሩክ ከተወለደበት አልተነሣም፤ የኤ5 ፈረስ ዳር ላይ ቆሟል፤ የኤፍ8 ቢሾፕ በገዛ ንጉሡ ተዘግቷል። በቁጥር ጥቁሩ ይበልጣል፤ በጦርነቱ ላይ ያለው ግን ነጩ ነው።

ቦክ ጂ6 ብሎ ቢሾፑን ጂ7 ላይ ለማውጣት ሞከረ፤ ትክክለኛ ሐሳብ ነው፤ ግን ዘገየ። ነጩ ቢሾፑን ዳግመኛ ጂ5 ላይ መለሰ፤ ጥቁሩ ቢሾፑን ጂ7 ላይ አወጣ፤ ከዚያም 22ኛው ላይ ፈረሱ ዲ7 ገባ። ቢ6 ላይ ንግሥቱን፣ ኤፍ6 ላይ የታሰረውን ፈረስ በአንድ ጊዜ መታ። ጥቁሩ በኤ7 ሩኩ በላው፤ ነጩ በሩኩ መልሶ በልቶ ቼክ አለ። የኤፍ6 ፈረስ ያንን ሩክ እንዳይበላው በጂ5 ቢሾፕ ታስሯል፤ ንጉሡም እንዳይበላው ኤ4 ላይ ያለው ቢሾፕ ይጠብቀዋል። ከ11ኛው እርምጃ ጀምሮ ያ ቢሾፕ ከኤ4 አልተነቃነቀም፤ ሥራውን ግን አላቋረጠም። ንጉሡ ኤፍ8 ላይ ሸሸ፤ ቢሾፑ ኤፍ6ን በላ፤ ጥቁሩ መልሶ በላ፤ ነጩ ኢ5 ገፋ። ቦክ እጁን ሰጠ። የኤፍ6 ቢሾፕ ወዴትም ቢሄድ፣ ኢ5ንም ቢበላ፣ ንግሥቲቱ ኤፍ3 ላይ ቼክ ትልና ኤፍ7 ላይ ትጨርሳለች። አንቺው ሞክሪው፤ ሁሉንም መንገድ ሂጅበት።

ወደ ሰውየው ልመለስ። ቦክ በሙያው መሐንዲስ ነበር። ቼዝ እንጀራው አልነበረም። በ1930ዎቹ የፊንላንድን ሻምፒዮና በተደጋጋሚ አሸንፏል፤ በቼዝ ኦሊምፒያድ፣ በአገሮች የቡድን ውድድር፣ ለአገሩ ተሰልፏል። ጨዋታው ሊጎመራ በሚገባው ዕድሜ ላይ ግን የ1939ኙ የክረምት ጦርነት መጣ፤ ያ በቅጡ ሳያባራ በ1941 ሌላው ተከተለ፤ እስከ 1944 ዘለቀ። ከ29 እስከ 34 ዓመት ያለው የአንድ ተጫዋች ዕድሜ ምን ማለት እንደሆነ ቼዝ የሚጫወት ሁሉ ያውቃል።

ከጦርነቱ በኋላ ያደረገውን ደግሞ ተመልከቺ። በ1947 ሄልሲንኪ ላይ የሰሜን አውሮፓ አገሮች ሻምፒዮና ተካሄደ፤ ያሸነፈው ቦክ ነው። የሰሜን ክረምት የጠቀሳቸው አጎቱ ሪስቶ ሩቲ በዚያን ጊዜ ወኅኒ ቤት ነበሩ፤ በጦርነቱ ኃላፊነት በ1946 የ10 ዓመት እስራት ተፈርዶባቸው በ1949 ነው በምሕረት የተፈቱት። በዚያው ከተማ፣ በዚያው ዘመን ሰሌዳ ፊት ተቀምጦ ማሸነፍ ለእኔ ቀላል ነገር አይመስለኝም። በሚቀጥለው ዓመት በስዊድን ሳልትሾባደን በተደረገው የመጀመሪያው የዞኖች መካከል ውድድር፣ የዓለም ሻምፒዮና ማጣሪያ በሆነው፣ ተሰለፈ፤ 20 ተጫዋቾች የተሰለፉበት፣ ብሮንስታይን ያሸነፈበት ውድድር ነው። ደካማ ሰው እዚያ ወንበር አያገኝም።

ማዕረጉ? የዓለም ፌዴሬሽን በ1950 የመጀመሪያውን የግራንድማስተሮች ዝርዝር ሲያወጣ 27 ሰዎችን ጻፈ። ከእነዚያ መካከል ትልልቅ ሥራቸው ከብዙ ዓመት በፊት ያለቀ ነበሩ፤ ሚዘስ ለምሳሌ በ1865 የተወለደ ነው፤ ማዕረጉን በ85 ዓመቱ አገኘ። የጎረቤት አገር የስዊድን ሰው ስቶልበርግ ገባ። ቦክ በዚያው ዓመት የተሰጠው ከዚያ ዝቅ ያለው የዓለም አቀፍ ማስተር ማዕረግ ነው። እኔ በዚህ ዝርዝር ላይ ቅሬታ የለኝም፤ ቦክን ከስቶልበርግ እኩል አላደርገውም። ነገር ግን «የክብር ነው» ብሎ ከንፈር መምጠጥም አልወድም። ከ34 ዓመት በኋላ የተከፈለ ዕዳ ቢሆን ዕዳ ነው።

ኮምፒውተሩ ይናገር፦

ጋሼ፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ይህን ሁሉ ማዳነቅ የሚገባው አይመስለኝም። ዛሬ አንድ የ12 ዓመት ልጅ ቢ4 ሲገፋ ዲ5 እንደሚመጣ ያውቃል፤ አከፋፈቱን በስልኩ አጥንቶታል። በዚያ ዘመን የነበሩ ሰዎች ጨዋታ ውብ የሚሆነው ተቃዋሚው ስለሚተባበር ነው። ቦክ ፈረሱን ባይበላ ይህ ጨዋታ በየመጽሐፉ አይገባም ነበር። ጀማሪዋ ጊዜዋን በዘመናዊ ጨዋታዎች ላይ ብታጠፋ ይሻላታል እላለሁ።

አሮጌ ሰዓት፦

ወንድሜ፣ ያ የ12 ዓመት ልጅ ዲ5 እንደሚመጣ የሚያውቀው ከማን ተምሮ ነው? ከዚህ ጨዋታ ነው። ቦክ መንገዱን ሄዶበት ገደል እንዳለው ስላሳየ ነው ዛሬ ሁሉም የሚርቀው። ስልክህ ውስጥ ያለው እውቀት እንዲሁ ከሰማይ አልወረደም፤ እያንዳንዱን «ይህ አይሆንም» የሚል ምልክት አንድ ሰው በሽንፈቱ ከፍሎበታል።

ፈረሱን ባይበላ ላልከው፣ በል እንግዲህ ሰሌዳው ላይ አሳየኝ። 13ኛው ላይ ባይበላ ምን ይጫወት ነበር? ዲ7 ላይ ያለው ቢሾፕ ተወጥሯል፤ ኢ6 ያለው ወታደር ብቻውን ቆሟል፤ ንጉሡ መሐል ላይ ነው። ከአስቸጋሪ ነገሮች ሁሉ ቢያንስ ጠጠር የሚያስገኘውን መረጠ። እኔም ብሆን እበላው ነበር፤ አንተም ሰዓቱ እየሄደብህ ከአሌክሂን ፊት ብትቀመጥ ትበላዋለህ። የቦክ ስሕተት እዚያ ላይ አይደለም፤ አራት እርምጃ ቀደም ብሎ፣ ካስል ሳያደርግ መሐሉን እንዲከፈት የፈቀደበት ቦታ ላይ ነው።

ኮምፒውተሩ ይናገር፦

በ9ኛው ላይ እንደተበላሸ እኔም እስማማለሁ። በዘመኑ ላይ ግን አልስማማም፤ ይቆይልን።

ጀማሪዋ፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የ13ኛው እርምጃ አሁን ገባኝ፤ 16ኛውን ደግሞ እኔም ሳላውቀው በንግሥቲቱ ቼክ ልል ነበር። ሁለት ነገር ላስቸግር። ቬስተሪነንስ እንዴት ያለ ተጫዋች ነው? ከቦክ ጋር ይመሳሰላሉ? ሌላው፣ እኔ በጥቁር ስጫወት ይህን ዲ5 እንዴት ልከላከለው? በፍጥነት ጨዋታ ሁለት ሰዎች መትተውኛል።

የሰሜን ክረምት፦

ስለ ቬስተሪነን እኔ ልመልስ። የሄልሲንኪ ልጅ ነው፤ በ1944 ተወለደ። የፊንላንድ ሻምፒዮን የሆነው በ1965፣ በ1966፣ በ1968 እና በ1970 ነው። በ1967 ዓለም አቀፍ ማስተር፣ በ1975 ደግሞ እንዳልኩት ግራንድማስተር ሆነ። በዚያው በ1975 በጀርመን አገር በዶርትሙንድ ታዋቂውን ውድድር አሸነፈ፤ ከሱ በፊትና በኋላ በዚያ ውድድር ያሸነፉት እነ ሳቦ እነ አንደርሶን ናቸው፤ ትንሽ ነገር አይደለም። በኦሊምፒያድ ከ1960ዎቹ እስከ 1990ዎቹ ድረስ ለፊንላንድ ተሰልፏል። በመካከሉ የመጡት ልጆች ሲያድጉ እሱ እዚያው ቦታው ላይ ነበር ማለት ይቻላል።

አጨዋወቱ? ከቦክ ጋር በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ሰላም አይወዱም። ቬስተሪነን ሰው ሁሉ ከሚሄድበት አከፋፈት ወጣ ብሎ፣ ተቃዋሚውን ከመጽሐፍ አውጥቶ፣ ንጉሡ ላይ መዝመት የሚወድ ተጫዋች ነው። እንዲህ የሚጫወት ሰው ውጤቱ ወጣ ገባ ይላል፤ አንዱን ውድድር ያሸንፋል፤ በሌላው ከታች ይገኛል። ልዩነታቸው ሥራቸው ላይ ነው፦ ቦክ መሐንዲስ ሆኖ በትርፍ ጊዜው የተጫወተ ሰው ነው፤ ቬስተሪነን ከውድድር ውድድር ሲዞር የኖረ ባለሙያ ነው። የማዕረጉም ልዩነት ከዚያ የመጣ ይመስለኛል።

በነገራችን ላይ፣ በዚህ ወሬ መካከል ካርለ ኦያነን መረሳት የለበትም። የፊንላንድን ሻምፒዮና 13 ጊዜ ያሸነፈ ሰው ነው፤ በሰሌዳ ግን ከዓለም አቀፍ ማስተር አላለፈም። እዚህ አገር ከቦክና ከኦያነን ማን ይበልጣል የሚል ክርክር ቢነሣ እኔ ዝም ብዬ ቡናዬን እጠጣለሁ።

አሮጌ ሰዓት፦

ኦያነንን በማንሣትህ ተባረክ። በ1952 ሄልሲንኪ ኦሊምፒክን ባስተናገደችበት በዚያው ዓመት የቼዝ ኦሊምፒያድም እዚያው ተካሂዷል፤ ሶቪየት ኅብረት ለመጀመሪያ ጊዜ ቡድን ልካ ያሸነፈችበት ነው። የጊዜው የዓለም ሻምፒዮን ቦትቪኒክ ሳይመጣ ከረስና ስሚስሎቭ፣ ብሮንስታይንና ጌለር መጥተው ነበር። ቦክና ኦያነን በአገራቸው ሕዝብ ፊት ለፊንላንድ የተሰለፉት በዚያ ነው። እኔ ሁለቱን አላወዳድርም፤ ኦያነን ሻምፒዮናውን ሰበሰበ፤ ቦክ ደግሞ ዓለም ሁሉ የሚያውቀውን ጨዋታ ተጫወተ፤ በየትኛው ወገን ሆኖ እንደሆነ እንተወውና።

አሁን ጀማሪዋ ወደጠየቀችው። ልጄ፣ መድኃኒቱ ከ9ኛው እርምጃ በፊት ነው የሚጀምረው። ዲ5 ሲገፋ የሚያምምሽ ሲ6 ላይ የሚመታ ፈረስ ስላለሽ ነው። ስለዚህ 6ኛው ላይ፣ ነጩ ካስል ካደረገ በኋላ፣ ፈረሱን ወደ ሲ6 ለማውጣት አትቸኩዪ፤ ኤ6 ቅደሚ። ነጩ ንግሥቱን ኢ2 ላይ ሲያወጣ ቢ5 ግፊና ቢሾፑን ወደ ቢ3 አባርሪ፤ ከዚያ የራስሽን ቢሾፕ ቢ7 ላይ አስቀምጪ። የቢ8ን ፈረስ በኋላ ዲ7 ላይ ታወጪዋለሽ። እንዲህ ከሆነ ዲ5 ቢመጣ የሚደነግጥ ፈረስ የለሽም፤ የቢ7 ቢሾፕሽም ዲ5ን ከሩቅ ይጠብቃል።

አንድ ጊዜ ፈረሱ ሲ6 ላይ ከወጣ ደግሞ፣ ነጩ ሲ3 ላይ ፈረስ ሲያወጣብሽ ቢ5 ግፊ፤ ቢሾፑ ቢ3 ሲሄድ ቢ4 አትንኪ፤ ቢሾፑን ቢ7 አድርጊ። እዚያም ቢሆን ነጩ ሩኩን ዲ1 ላይ ካመጣ በኋላ ዲ5ን በየእርምጃው ፈትሺው፤ አደጋው ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። «አሁን ቢገፋ ምን እሆናለሁ?» ሳትይ እጅሽን ጠጠር ላይ አታሳርፊ። ንጉሡም ቶሎ ወደ ጂ8 ይግባ።

በፍጥነት ጨዋታ የተመታሽባቸውን ሁለቱን ጨዋታዎች እዚህ ጻፊያቸው፤ አንዱ በ9ኛው ሌላው ከዚያ በኋላ የተበላሸ ይመስለኛል። ኮምፒውተሩ ይናገር ወንድማችንም ስልኩን ይዞ ይምጣ፤ እሱ ቁጥሩን ይንገረን፤ እኔ ምክንያቱን እፈልጋለሁ።

ኮምፒውተሩ ይናገር፦

እመጣለሁ ጋሼ። ጨዋታዎቹን ለጥፊያቸው።